ሕመምተኛውና ጎረቤቱ

በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ጉባኤ ላይ ስለ ጤና ሥነ ልቡና የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጤና ሥነ ልቡና ነው። ማስታወቂያው ገና እንደ ተለጠፈ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ስለ አማኑኤል ልታወሩን ነውን?» ብለው ጠይቀውናል። በአገራችን ሥነ ልቡና የሚለው ቃል ሲነሣ የአማኑኤል ሆስፒታል ቀድሞ ትዝ ስለሚል አልፈረድንባቸውም፤ ነገር ግን የዛሬው ጉዳያችን የአእምሮ ሕመም አይደለም። ጉዳያችን ስኳር ያለበት፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ሳንባውን የታመመ፣ ወይም ገና ምንም ያልነካው ጤነኛ ሰው ነው። ይህ ሰው ስለ ሕመሙ ምን ያስባል? ወደ ሐኪም ቤት ለምን ይሄዳል፤ ለምንስ ይቀራል? የታዘዘለትን ኪኒን ለምን ሳይጨርስ ይተወዋል? ሐሳብና ኀዘን በሥጋው ላይ ምን ይሠራሉ? ጎረቤቱስ ምን ይጠቅመዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚከታተለው ትምህርት የጤና ሥነ ልቡና ይባላል። በአሜሪካ የሥነ ልቡና ባለሞያዎች ማኅበር ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ የቆመው በ1978 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው።

ምሳሌዎቻችንን ከመጽሐፍ ብቻ ከመቅዳት ይልቅ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ለመውሰድ መርጠናል። ከተናጋሪዎቹ መካከል የምንበዛው ተወልደን ያደግነው እዚያ በመሆኑ ሠፈሩን እናውቀዋለን። ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪዎች በብዛት ተነሥተው፣ ከፊሎቹ ወደ ገላን ጉራ፣ ሌሎቹም ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄደዋል። ይህ ነገር የቤት ጉዳይ፣ የመንገድ ጉዳይ፣ የከተማ ውበት ጉዳይ እየተባለ ብዙ ተነግሮበታል። የጤና ጉዳይ ተብሎ ሲነገር ግን የሰማነው ጥቂት ነው። እኛ የጤናም ጉዳይ ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል ለማስረዳት የትምህርቱን የመጀመሪያ ፊደሎች መቁጠር ያስፈልጋል።

ልቡናና ሥጋ የተያያዙ መሆናቸውን ለማወቅ አማርኛ ተናጋሪ ሰው ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ያዘነ «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ የከፋው «ሆዴ ባሰኝ»፣ ተስፋ የቆረጠ «ልቤ ተሰበረ» ይላል። እናቶቻችን የስሜትን መኖሪያ ከሥጋ ውጭ ፈልገውት አያውቁም። ችግሩ የሚመጣው ሐኪም ቤት ሲደረስ ነው። ቆሽቱና አንጀቱ ይመረመራሉ፤ ማረሩና መቃጠሉ ግን ከበር ውጭ ይቀራሉ።

ጆርጅ ኤንግል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1977 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የተቃወመው ይህንኑ ነበር። ሕመምን በአካል ጉድለት ብቻ መተርጐም አይበቃም፤ የአካሉ፣ የልቡናውና የኅብረተሰቡ ነገር በአንድነት መታየት አለበት አለ። በመሠረቱ ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1946 እ.ኤ.አ. በተፈረመው መተዳደሪያው ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ደኅና መሆን ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ኤንግል ያደረገው ነገር ይህን መልካም ቃል ከመግቢያ አንቀጽ አውጥቶ ወደ መመርመሪያ ክፍሉ ለማስገባት መጣር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል አድርገን እንለፍ። ሁሉን ነገር በሐሳብና በንዴት ማመካኘትም ሌላ ስሕተት ነው። የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን የጭንቀት ሕመም ነው ሲባል ኖሮ፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋነኛ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። እስከ ዛሬ በሠፈራችን «ጨጓራዬን ያሳመመኝ ባሌ ነው» የምትል ሴት አትጠፋም። ባልየው ሌላ ጥፋት ይኖርበት ይሆናል፤ ለባክቴሪያው ግን የሚረዳት ከሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ነው። ደግሞም ባክቴሪያውን ከተሸከሙት ሰዎች ብዙዎቹ አይቆስሉም። ለምን እንደማይቆስሉ ለመረዳት ወደ ምግቡ፣ ወደ ሲጋራው፣ ወደ ኑሮው መመለስ ግድ ይሆናል። ኤንግልም ያለው ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ሠፈሩ እንግባ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የድርጅቱ ምሕጻረ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ሆቴልና ቢሮ በረከተ። ከእነዚህ ሕንጻዎች ጀርባ፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲያና ወዲህ፣ እንዲሁም በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እስከ ለገሃር አቅጣጫ ድረስ፣ የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ይኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙው የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩም እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ።

የእነዚህን ግቢዎች ኑሮ ማስዋብ አንፈልግም። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ፣ አንድ ቧንቧ ለግቢው ሁሉ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ በክረምት የሚያፈስ ጣራ፤ ይህን የምናውቀው ኖረንበት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለተቅማጥ፣ ለጉንፋን ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ነገር ግን ያው ግድግዳ ሳሉን እንዳሳለፈ ሁሉ ወሬውንም ያሳልፋል። ማታ ስታስል የሰማች ጎረቤት ጠዋት «ምነው አላስተኛሽም?» ብላ ትገባለች። አንዲት አሮጊት እስከ ሦስት ሰዓት በራቸውን ካልከፈቱ የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም። ጥበቱ በሽታውንም ጠያቂውንም አብሮ የሚያመጣ ነው። ይህን ሁለትነት ይዘን እንቀጥል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከትምህርቱ ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ሰዎች ስለ ጤናቸው ያላቸው እምነት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ገና ሳይጠና ለማግኘት የራጅ መሣሪያ የጫኑ መኪናዎችን በየሠፈሩ ያቆም ነበር። መኪናው ደጅ ድረስ መጥቶ ሳለ ብዙ ሰው ሳይነሣ ቀረ። ሆክባም፣ ሮዘንስቶክና ባልደረቦቻቸው ይህን አይተው ሰው ለምርመራ የሚነሣው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። የደረሱበት ነገር የጤና እምነት ሞዴል ይባላል። ሰው የሚነሣው «በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል» ሲል፣ «ከያዘኝም ይጐዳኛል» ሲል፣ «ምርመራው ይጠቅመኛል» ብሎ ሲያምን፣ የሚከለክለውም ነገር ከጥቅሙ ሲያንስበት ነው። በዚያ ላይ ቀስቃሽ ነገር ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ የጎረቤት መታመም።

ይህን በደም ብዛት ላይ እንሞክረው። ደም ብዛት ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚኖር በሽታ ነው። በአማርኛ ግን «ደም ብዛቴ ተነሣብኝ» እንላለን። የተነሣ ነገር ይተኛል ማለት ነው። ስለዚህ ራሱን ያመመው ዕለት «ተነሣብኝ» ብሎ ኪኒኑን ይውጣል፤ ራሱ ሲሻለው «ተኛልኝ» ብሎ ይተወዋል። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሃዋርድ ሌቨንታልና ጓደኞቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አሜሪካውያኑም ግፊታቸው ከፍ ሲል በስሜታቸው እንደሚያውቁት ያምኑ ነበር። ሌቨንታል ያስተማረን ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ ሕመምተኛ ባዶ ዕቃ አይደለም። ስለ በሽታው ምንነት፣ ስለ መንስኤው፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ መዳኛውም ምን እንደሆነ የራሱ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ ያን ሐሳብ ሳይጠይቅ ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ትእዛዙ ከቤት ሲደርስ በሐሳቡ ይሸነፋል።

መከልከያ የሚባለውንም ነገር ሰዎች ገንዘብ ብቻ ይመስላቸዋል። በሠፈራችን በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የደም ብዛት መድኃኒታቸውን ለመውሰድ በየወሩ ወደ አንድ የሕክምና ቦታ መሄድ ነበረባቸው። ዋጋው አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቁ ነበር። ያን ግማሽ ቀን ጉልቱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ የዕለቱም ሽያጭ ይቀራል። «እንቢተኛ በሽተኛ» ተብለው በልጆቻቸው ፊት ተቈጥተውባቸዋል። እኝህ ሴት ሒሳባቸውን በደንብ የሠሩ ሰው ነበሩ እንጂ እንቢተኛ አልነበሩም። ኋላ ግቢው ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት ወረፋውን ቀድማ እየያዘች፣ «እማማ፣ አሁን ይምጡ» ብላ በስልክ ትጠራቸው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ቀጠሯቸውን አላጓደሉም። ያመኑበት ነገር አልተለወጠም፤ መከልከያው ነው የተነሣው። ብዙ የጤና ትምህርት ይህን ስለሚረሳ ፖስተር በማተም ይደክማል።

ስለ እምነት ከተነሣ ጸበልን ሳንጠቅስ ብናልፍ ማፈር ይሆንብናል። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ሌሎች የጸበል ቦታዎች ሄደዋል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መስጠት ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው፤ መድኃኒቱም በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያን ጊዜ ጸበል የያዘ ሰው ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስለው ነበርና ብዙዎች ተቸገሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። አንዳንድ የተማርን ነን ባዮች ጸበሉን በማንቋሸሽ ሕሙማኑን ወደ መድኃኒት ለመመለስ ሞክረን ያላገኘነውን፣ ከራሱ ከእምነቱ የመጣ አንድ ቃል በር ከፈተለት። የሰውን እምነት ሳያፈርሱ መድኃኒቱን በውስጡ ቦታ መፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ወደ ጭንቀት እንሻገር። ሃንስ ሰልየ በ1936 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች ብርድም ይምታቸው፣ ይቍሰሉም፣ መርዝም ይሰጣቸው፣ ሰውነታቸው አንድ ዓይነት ለውጥ እንደሚያሳይ ገለጸ። አስቀድሞ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ይቋቋማል፤ ችግሩ ካልተቋረጠ ይዝላል። ዛሬ እንደምናውቀው በዚህ ጊዜ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ቅመሞች ከዕጢዎች ይረጫሉ። ከውሻ ለመሸሽ ይህ መልካም ነው። ውሻው ለሁለት ዓመት ካልሄደ ግን ያው መከላከያ ሰውነቱን ይበላዋል።

ይህ ተረት አይደለም። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 394 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአፍንጫቸው የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረላቸው፤ ጭንቀታቸው የበዛው ይበልጥ ታመሙ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ጓደኞቿ አእምሮው የደከመ ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜ የሚመስሏቸውን ሌሎች 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ ትንሽ ቁስል አድርገው ተከታተሉ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን 9 ቀን ያህል የበለጠ ፈጀ። ጓደኞቻችን ሆይ፤ አስታማሚ የሚለውን ቃል እናንተ ታውቁታላችሁ። በየሆስፒታሉ ኮሪደር ፌስታልና ፔርሙስ ይዛ፣ ወለሉ ላይ ነጠላዋን ዘርግታ የምታድረው ሴት ናት። ካርድ የላትም፤ ማንም አይለካትም። የተኛው ሰው ሲድን እርሷ ስትታመም ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ሰዉም «ደክሟት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ሬህ በ1967 እ.ኤ.አ. የኑሮ ለውጦችን በቍጥር ለመመዘን ሞክረዋል። 43 ነገሮች ዘርዝረው የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ጋብቻ 50፣ ቤት መቀየር 20 ብለው ነጥብ ሰጡ። 20 ነጥብ! ካዛንቺስን ለቅቆ የሄደ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። ሆኖም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ቤት መቀየር 20፤ የአኗኗር ሁኔታ መለወጥ 25፤ የልጆች ትምህርት ቤት መለወጥ 20፤ የሥራ ሰዓትና ሁኔታ መለወጥ 20፤ የገንዘብ አቅም መለወጥ 38፤ የቤተ ክርስቲያን ነገር መለወጥ 19፤ የማኅበራዊ ኑሮ መለወጥ 18። ድምሩ 160 ነው። ባለቤቶቹ ከ150 በላይ ያለውን ለበሽታ የሚያሰጋ ነው ይሉታል። በእነርሱ አገር እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር፣ በእኛ አገር በአንድ መኪና ተጭኖ በአንድ ቀን ይሄዳል። ዕድር መፍረስ ግን ስንት ነጥብ ነው? በዝርዝራቸው ውስጥ አልፈለጉትም፤ አያውቁትምና።

የሆነ ሆኖ ነጥቡን እንደ ሚዛን ድንጋይ አንያዘው። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 እ.ኤ.አ. በጻፉት መጽሐፍ ጭንቀትን የሚያመጣው ነገሩ ብቻ ሳይሆን ሰው ለነገሩ የሚሰጠው ግምት ነው ብለዋል። ሰው በልቡናው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ነገር ይጐዳኛልን? የምመክትበትስ አለኝን? አንዲት ወጣት እናት የራሷን ሽንት ቤትና የሚቈለፍ በር ስታገኝ ደስ ብሏት ታለቅሳለች፤ በዚያው ፎቅ ያሉ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለጎረቤት «እንዴት አደራችሁ» የሚሉበት ደጅ አጥተው ያለቅሳሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሰዎቹ ተጠቀሙ ወይስ ተጐዱ?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄውን አላወቀበትም።

ምከታ ከምንለው ውስጥ በእኛ ዘንድ የተከበረ አንድ አለ፤ «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ለአራት ቀን በጽሑፍ እንዲያወጡት አደረጉ፤ እነዚህ ተማሪዎች በተከታዮቹ ወራት ወደ ሐኪም የሄዱበት ጊዜ አነሰ። ሆድ ሁሉን አይፈጅም ማለት ነው። ነገር ግን ለእናቶቻችን ብዕር መስጠት ላያስፈልግ ይችላል። ቡና ሲወቀጥ፣ ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ በሆድ የነበረው ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ የሚወራው ነገር አንደኛው ላይ አይወራም፤ ይህን በካዛንቺስ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በረካው ሲደርስ ከቤት ውጡ ይባል ነበርና።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ደረስን። ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም በካሊፎርኒያ የአላሚዳ አውራጃ 6,928 ሰዎችን ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለው በ1979 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ዘመድ፣ ወዳጅና ማኅበር ያነሳቸው ሰዎች ከበዛላቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ፤ በወንዶች 2.3 እጥፍ፣ በሴቶች 2.8 እጥፍ ያህል ነበር። ልዩነቱ ከማጨስና ከመጠጣት ጋር ተያይዞ ብቻ የመጣ አልነበረም። በ2010 እ.ኤ.አ. ጁልያን ሆልት ላንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 ከመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት።

ሊቃውንቱ ድጋፍን በዓይነት ይከፍሉታል፤ የስሜት፣ የቁሳቁስ፣ የዕውቀት እያሉ። ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው። በሠፈራችን ግን አንዲት ጎረቤት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ «እግዜር ይማርህ» ብላ ስትገባ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ታመጣዋለች። መግባቷ አንዱ ነው፤ አጥሚቱ ሁለተኛው ነው፤ «የእኔም እኅት እንዲህ ሆና በዚህ መድኃኒት ነው የዳነችው» ማለቷ ሦስተኛው ነው። እውነቱን ለመናገር አራተኛም አለ፤ «ይህ ኪኒን ይከብድሃል፣ ተወው» የምትለውም እርሷው ናት። ጠያቂ ሁሉ አይጠቅምም። አንዳንዱ ድውዩን ሳያስተኛ ያመሻል፤ አንዳንዱ በዚሁ በሽታ የሞቱትን ይቈጥርለታል። ስለዚህ የጤና ሠራተኛ ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቲቱንም ማስተማር አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ዕድር በሕጉ የቀብር ማኅበር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ገንዘቡ የሚመጡት ሰው ሲሞት ነው። ይሁን እንጂ አባላቱን በየወሩ አገናኝቶ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቀረ እንዲታወቅ ያደርጋል። በከተማችን ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ እንደ ልብ ሕመም፣ ስኳርና ነቀርሳ ባሉ የማይተላለፉ በሽታዎች ምክንያት መሆኑን በመካነ መቃብር መዝገብ ላይ የተመሠረቱት ጥናቶች አሳይተዋል። እነዚህ በሽታዎች ዓመታት የሚቆዩ ናቸው። ቶሎ ለሚገድል በሽታ ሐኪም ይበቃ ይሆናል፤ ሃያ ዓመት ለሚቆይ በሽታ ግን በየቀኑ «ዋጥህ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሠፈሩ መነሣት እንመለስ። ነገሩን ቀድሞ ያየ አገር አለ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዌስት ኤንድ የሚባለው የድኾች ሠፈር በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለከተማ እድሳት ፈርሶ ነበር። ማርክ ፍሪድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከሁለት ዓመት በኋላ ነዋሪዎቹን ጠይቆ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጽሑፍ ስለ ጠፋ ቤት ማዘን ብሎ ሰየመው። ከጠየቃቸው 250 ሴቶች 46 ከመቶ፣ ከ316 ወንዶች ደግሞ 38 ከመቶ፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ኀዘን ነበረባቸው። ሰዎቹ ስለ ቤቱ ሲናገሩ ስለ ሞተ ዘመድ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከሠፈሩ ጋር የነበራቸው ግንኙነት የጠበቀው ይበልጥ አዘኑ።

በእኛም አገር ካዛንቺስ ሲነካ የ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻ የተወሰዱ ብዙዎች ናቸው። የሥነ ሰብእ ሊቁ ፕሮፌሰር ገብሬ ይንቲሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ ልማት ያነሣቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከቤቱ ሌላ የገቢ ምንጫቸውንና ማኅበራዊ ትስስራቸውን እንዳጡ ገልጸዋል። ጉልት የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ከጎኑ ነው፤ ልብስ የምታጥብ ሴት አሠሪዎቿ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ገላን ጉራ ሆኖ የካዛንቺስን ልብስ ማጠብ አይቻልም።

ስለዚህ በሚዛኑ በአንዱ ወገን ንጹሕ ውሃ፣ የራስ ሽንት ቤት፣ አየር የሚገባበት ክፍል አለ፤ ይህ በእውነት ጤና ነው፤ የሚንቀው ካለ በዚያ ግቢ ክረምትን ያልከረመ ነው። በሌላው ወገን የሚያንኳኳው እጅ፣ ወረፋ የምትይዘው ልጅ፣ የዕድሩ ስብሰባ፣ በረካው አሉ። የመጀመሪያውን ወገን መሐንዲሱ ይቈጥረዋል። ሁለተኛውን የሚቈጥር ሰው ካልተገኘ ዋጋው አልተከፈለም ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ በደም ብዛትና በስትሮክ መዝገብ ላይ ሆኖ፣ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሳይኖር ነው።

ምን ይደረግ ለሚሉን ጥቂት እንበል፤ ሁሉም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለንም። ሰዎች ሲነሡ በዕጣ ከመበተን ይልቅ የአንድ ግቢና የአንድ ዕድር ሰዎች በአንድ ሕንጻ ቢሰጡ፤ የስኳር፣ የደም ብዛት፣ የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ካርዳቸው በአዲሱ ሠፈር ላለው ጤና ጣቢያ ቢተላለፍ፤ በየፎቁ ሥር ቡና የሚፈላበትና ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ቢተው። የመጨረሻውን የኪነ ሕንጻ ጓደኞቻችን ይስሙን። አንድ ክፍት ቦታ በእነርሱ ወረቀት ላይ ባዶ ይመስላል፤ ለእኛ ሐኪም ቤት ነው።

ከእኛ ከተማሪዎቹ የሚጠበቀው ደግሞ መቍጠር ነው። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ በቂርቆስ የቀሩትንና ከካዛንቺስ የሄዱትን ቤተሰቦች ፈቃዳቸውን እየጠየቅን ለማነጋገር አስበናል። መጠይቁ አጭር ነው። ባለፈው ወር ታመው ያውቃሉ? ታመው ሳለ ማን ገባ? መድኃኒትዎን የሚያስታውስዎ ማን ነው? ዕድርዎ የት ነው፤ ለመድረስስ ስንት ታክሲ ይይዛሉ? ከሕክምና ትምህርት ቤት የሚመጡ ጓደኞቻችን የደም ግፊት ይለካሉ፤ ግፊቱ ከፍ ያለበትንም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ከየቤቱ ቡና ቢቀርብልን ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ እንዳንነሣ ተስማምተናል። ለመሳተፍ የሚፈልግ ስሙን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ የመጠይቁም ቅጂ እዚያው ይገኛል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀን።